በቅቅሉ ጎላ ውስጥ የተገኘው ጥብስ

ከፓርኔስ ተራራ ግርጌ፣ ታርጌሊዮን ወር በሃያኛው ቀን

ይድረስ ለልጅ ልጄ ለሚኮን፣ ሌምኖስ ደሴት ላይ የሰው ወይን እየገረዘ ለሚኖረው።

እንደምን ከረምክ? እኛስ ደህና ነን ብዬ ልቀጥል ነበር፤ ደብዳቤ እንዲህ ይጀመራልና። ግን ሰሌዳው ላይ የለበጥኩት መጻፊያ ሰም ጥቂት ስለሆነ በውሸት አልሞላውም። ደህና አይደለንም። እኔን ጉልበቴ ያመኛል፣ አህያዋን ጀርባዋ። እህትህን የያዛት ሕመም ግን በወይራ ዘይት የሚታሽ አይደለም።

ስለ አዝመራውና ስለ ሄጌሶ የሰርግ ቀን ጠይቀሃል። ጥሩ ጥያቄዎች ናቸው። ጥሎ የሄደ ሰው ጥሩ ጥያቄ አያጣም።

አዝመራ የለም። ትኩሱ የደቡብ ነፋስ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ነፈሰ። ገብሱ እሸት ሳይሆን ነጣ። በለሱ የአውራ ጣት ጥፍር ሳያህል ረገፈ። ሰርግም የለም፣ ወይም ሊቀር ነው። እንዴት እንደሆነ ልንገርህ።

በጸደይ የሦስቱን እህትማማች የወቅት እመቤቶች በዓል ስናከብር አንተም ነበርክ። ለታሎ ለምታስቆጠቁጠው፣ ለአውክሶ ለምታሳድገው፣ ለካርፖ ፍሬ ለምትሰጠው አርደን ነበር። ለሌላው አምላክ ሥጋ ይጠበሳል፤ ለወቅቶች ግን ይቀቀላል። ይህን ሕፃን ያውቀዋል። ሐሩሩን አብርዱልን ብሎ የሚለምን ሰው ጥብስ ይዞ ከቀረበ፣ ቤቴ እንዳይቃጠል ጠብቁልኝ ብሎ ችቦ እንደ መስጠት ነው። ዘንድሮ ጎላውን እንድትጠብቅ ዕጣው የወጣው ለሄጌሶ ነበር።

የመንደሩ ሹም አንቲዶሮስ፣ አማቷ ሊሆን የነበረው ሰውዬ፣ ያን ቀን ከሳህኑ አንድ ቁራጭ ታፋ አንስቶ ነከሰ። ሦስት ጊዜ አላመጠና ዋጠ። በለሱ በረገፈ ማግስት ግን አፉ ትዝ አለው። "ያ ታፋ ጥብስ ነበር። መሐሉ የእንጨት ቀዳዳ ነበረው፣ ጭስ ጭስ ይል ነበር" ብሎ አደባባይ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ጭሱ በየቀኑ እየጨመረ ነው። ትናንት ከሰልም እንደቆረጠመ ሲናገር ሰማሁት።

እህትህ ስትጠየቅ "ጎላው ከእጄ አልወጣም" ትላለች። ሌላ ቃል የላትም። ሁለት ወር ሳይሞላ፣ በሄካቶምቤዮን ጨረቃዋ በሞላች ቀን ሸንጎ ይቀመጥባታል። ከፈረዱባት ከመንደሩ መሠዊያ ሁሉ ትከለከላለች፤ ከሴቶቹ በዓል፣ ከሙት መታሰቢያው፣ ከሰርጉም እሳት። እንዲህ ያለችን ልጅ ማን ደጃፉን ያስረግጣታል? አንቲዶሮስ እጮኛዋን ልጁን ከወዲሁ በሌላ መንገድ እያስኬደው ነው፤ እኛን ላለማየት ረጅሙን ዳገት ይወጣል፣ ምስኪን።

አንተ በበዓሉ ማግስት አጎቴ ናፈቀኝ ብለህ ተሳፈርክ። ናፍቆት መልካም ነው። አጎትህን በዕድሜህ አይተኸው አታውቅም፤ ቢሆንም መልካም ነው። እንዲያው የምትነግረኝ ነገር ካለ ሌምኖስ ላይም ሰም አይጠፋም።

አያትህ ጢሞላስ


ሌምኖስ፣ ስኪሮፎሪዮን ወር በሦስተኛው ቀን

ይድረስ ለማከብርዎ አያቴ።

ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ? አህያዋስ? ጀርባዋን የበግ ጮማ ቢቀቡላት ይሻላታል ይላል አጎቴ። እርስዎንም ሰላም ብሎዎታል። ሚስቱም ልጆቹም ሰላም ብለዎታል። ጎረቤቱም፣ ባያውቅዎም፣ ሰላም ብሎዎታል።

ስለ እህቴ የጻፉት በጣም አሳዘነኝ። ለሄጌሶ ጥቂት ዘቢብ ልኬያለሁ፤ ዓሣ ነጋዴው መንገድ ላይ ካልጨረሰው።

ግን አባባ፣ ሐሩሩ እዚህም አለ እኮ። እዚህ ደሴት ላይ በወቅቶች በዓል ጥብስ የቀመሰ ሰው የለም። ወይኑ ግን ቅጠሉ ተኮማትሯል፣ ጉድጓዶቹ ደርቀዋል። ታዲያ የሌምኖስንስ ወይን ያደረቀችው እህቴ ናት? ይህን ለአንቲዶሮስ ቢነግሩት ጥሩ ነው። እርስዎ ሲናገሩ ያምርልዎታል።

ከዚያ በኋላ የላኩትን ሁለተኛውን ሰሌዳ በተመለከተ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። መርከቡ ላይ ፀሐይ መትቶት ሰሙ ቀልጧል። ላይኛው ሰላምታ ይነበባል፤ ከታች አንድ ነገር የጠየቁኝ ይመስለኛል፣ እሱ ግን ፈስሶ ከሰሌዳው ጠርዝ ላይ ረግቷል። አስፈላጊ ነገር እንዳልሆነ ተስፋ አለኝ።

አክባሪዎ ሚኮን


ሌምኖስ፣ ስኪሮፎሪዮን ወር በአሥራ ስድስተኛው ቀን

ይድረስ ለአያቴ።

እንጨቱ ደረሰኝ። ሰም የሚባል ነገር የለበትም፤ በቢላዋ ነው የቀረጹት። አጎቴ መጀመሪያ ሲያየው "አባቴ ማገዶ ላከልህ እንዴ?" ብሎ ሳቀ። አንብቦ ሲጨርስ መሳቁን ተወ። ከዚያ ቀን ወዲህ እራት ላይ ጀርባውን ሰጥቶኝ ነው የሚበላው።

መልሴ አዎ ነው።

እኔና ሁለት ጓደኞቼ ከድንበር ጥበቃ የወረድነው የበዓሉ ቀን ጠዋት ነበር። ሁለት ቀን እህል አልቀመስንም። ሄጌሶ ለጎላው ውሃ ልትቀዳ ምንጭ ወረደች። ከቤተ መቅደሱ ግድግዳ ጀርባ እሳት ነበረን። አንዱ ታፋ ከጎላው ዳር ወጣ ብሎ ነበር፣ ጥሬውን ማለቴ ነው፣ ገና አልፈላም ነበር። እንጨት ላይ ሰካነው። ግማሹን እንደበላን የእግሯን ኮቴ ሰማን። ጓደኞቼ "ዋጠው፣ ዋጠው" ይሉኛል፤ እኔ ደነገጥኩና ቀሪውን ወደ ጎላው መለስኩት። ሁሉንም ብንበላው አንድ ታፋ ጎደለ ይባል ነበር፣ ያለቀለት ነገር። በታማኝነት ልመልስ ብዬ ነው ያጠፋሁት።

ሄጌሶ አይታኛለች። እንስራዋን እንኳ ሳታወርድ "ከዚህ ሂድ። ማንም ቢጠይቅ አላየሁህም" ያለችኝ እሷ ናት። ሂድ አለችኝ፣ ሄድኩ።

እንድመጣና እንድናገር ጠይቀውኛል። አልመጣም፣ አባባ። ፈርቼ ብቻ እንዳይመስልዎ። ጋሻ የተቀበልን ቀን "ከጎኔ የቆመውን አልከዳም" ብዬ ምያለሁ። ምስክር የጠራኋቸው ታሎንና አውክሶን ነው፤ እነዚያኑ። ሸንጎ ፊት ብቆም "ከማን ጋር በላህ?" ይሉኛል። ሁለቱን ጓደኞቼን አሳልፌ አልሰጥም። የመንደሩ ሰው ሁሉ የበለስ ዛፉ በደረቀ ቁጥር የሚወነጅለው የሰው ልጅ የሚፈልግ ከሆነ ይፈልግ። እኔም ተናድጃለሁ። እርስዎ ብቻ አይደሉም የሚናደዱት።

ሚኮን


ከፓርኔስ ግርጌ፣ ስኪሮፎሪዮን ወር በሃያ አራተኛው ቀን

ሚኮን፣

ሰላምታ አልጽፍም። ካስፈለገህ ያለፈውን ደብዳቤ አውጥተህ ላዩን ደግመህ አንብበው።

ከጎኔ የቆመውን አልከዳም ብለሃል። እሰይ። እናታችሁ የሞተች ክረምት ትኩሳት ይዞህ አሥራ አንድ ቀን ስትቃዥ ከጎንህ የቆመው ማን ነበር? እነዚያ ሁለት ጓደኞችህ ናቸው? እህትህ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ጋሻ አልነበራትም፤ ማንኪያ ነበራት። እኔ እንቅልፍ ወስዶኝ ስነቃ ማንኪያዋን እንደያዘች ተቀምጣ አገኛት ነበር። ያኔ ታሎም አውክሶም ምስክር አልተጠሩም፤ ልጅቷ መሐላ አላስፈለጋትም።

"ሂድ አለችኝ፣ ሄድኩ" ትለኛለህ። እንዴት ያለ ታዛዥ ልጅ ነው ያሳደግኩት? ፍየሎቹን አግባ ስልህ እንዲህ ብትታዘዘኝ ኖሮ ዛሬ አርባ ፍየል ይኖረን ነበር። እሷ ሂድ ያለችህ ከግድግዳው ጀርባ እንድትሄድ ነው። ባሕር ተሻገር አላለችህም።

ስለ ሐሩሩ ግን ልክ ነህ፤ ይህ ነው ደግሞ ይበልጥ የሚያበግነኝ። ከወንዙ ማዶ ያለው መንደር ሥጋውን ከአጥንቱ እስኪለይ ቀቅሎ ነበር፤ የነሱም ገብስ እንደኛው ነው። ሰባ አንድ በጋ አሳልፌያለሁ፤ ማንም ምንም ያልጠበሰበት ስንት ድርቅ አይቻለሁ። ይህንን ለአንቲዶሮስ ነገርኩት። "አባ ጢሞላስ፣ ታዲያ የኔን በለስ ማን አረገፈው ይላሉ?" አለኝ። "ነፋሱ" አልኩት። ትን ብሎት ሊሞት ነበር። በለሱ የረገፈበት ሰው ምክንያት አይፈልግም፤ የሚተፋበት ፊት ነው የሚፈልገው። ነፋስ ደግሞ ፊት የለውም። እህትህ አላት።

ትናንት ውሃ ልትቀዳ ወርዳ ባዶ እንስራ ተሸክማ ተመለሰች። "ምን ሆንሽ?" አልኳት። "ምንጩ ቀጠነ" አለች። ለካ ሴቶቹ "ዞር በይ፣ ውሃውን ታፈዪብናለሽ" ብለዋት ነው። ይህን የነገረኝ የጎረቤት ሰው ነው እንጂ እሷ አይደለችም። እሷማ ቁጭ ብላ ዘቢብህን ለፍየሎቹ ስታበላ ነበር።

እኔ ለሸንጎው ስምህን አልሰጥም። የልጅ ልጁን አሳልፎ የሰጠ ሽማግሌ ተብዬ ልቀበር አልፈልግም፤ ደግሞም ከአፍህ ሲወጣ ነው እሷን ነፃ የሚያወጣት። ከኔ ከመጣ አንዱን ልጅ ለማዳን ሌላውን ይወነጅላል ይላሉ። ጓደኞችህን መጥራትም አያስፈልግህም። "ብቻዬን በላሁት" በል። አንድ ሰው ግማሽ ታፋ ይጨርሳል፤ አንተን በማዕድ ለሚያውቅህ ሰው ደግሞ አይደንቅም።

ጨረቃ እስክትሞላ ሃያ አንድ ቀን አለ። መርከብ ሁለት ቀን ይፈጃል። በቀረው አሥራ ዘጠኝ ቀን የፈለግከውን ያህል ፍራ፤ ከዚያ ና።

ጢሞላስ


ሌምኖስ፣ ሄካቶምቤዮን ወር በአሥራ አንደኛው ቀን

ይድረስ ለአያቴ።

ደብዳቤዎ ብብቴ ውስጥ አምስት ቀን ከረመ። አውጥቼ ባነበብኩ ቁጥር ዓይኔ የሚቆመው እንስራው ላይ ነው።

እመጣለሁ። ብቻዬን በላሁት እላለሁ። የሚፈርዱብኝን ይፍረዱ።

ግን ዘግይቻለሁ መሰለኝ፣ አባባ። ወደ አቴና የሚሄደው መርከብ ቀዳዳውን እየደፈኑለት ነው፤ የሚነሳው አዲሷ ጨረቃ ስትታይ ነው። ሌላ መርከብ ለምኜ አጣሁ። የዓሣ ጀልባዎቹ ሰው አንጭንም አሉኝ፤ አንዱማ "በርሜል ውስጥ ጨው ነስንሼ ልውሰድህ?" አለኝ። እሺ ብዬው ነበር፣ ቀልዱን ነው።

ስለዚህ የሸንጎውን ቀን እባክዎ ያስተላልፉልኝ። ታምሜአለሁ ይበሉ፣ አህያዋ ሞተች ይበሉ። አንድ ወር ብቻ። ጓዜን አስሬ በሩ ሥር አስቀምጬዋለሁ። አጎቴ ትናንት ማታ ፊቱን ወደ እኔ አዙሮ በላ።

ለሄጌሶ ይንገሩልኝ። ወይም አይንገሯት፤ ራሴ እነግራታለሁ።

ሚኮን


ከፓርኔስ ግርጌ፣ ሄካቶምቤዮን ወር በአሥራ ሰባተኛው ቀን

ሚኮን፣

ሸንጎው የተቀመጠው ከትናንት በስቲያ ነው። ደብዳቤህ የደረሰኝ ትናንት ነው። ይህን አስቀድሜ የምነግርህ በኋላ የምጽፈውን ስታነብ በኔ ብቻ እንዳትበሳጭ ነው።

እስከ ሸንጎው ጠዋት ድረስ መንገዱን ሳይ ነበር። አልመጣህም፤ ቃልም አልመጣም። እህትህን መሐል ላይ አቆሟት። ነጭ ልብሷን ለብሳ ነበር፤ ማን ልበሺ እንዳላት አላውቅም። አንቲዶሮስ ሦስት ጊዜ ጠየቃት። ሦስቴም "ጎላው ከእጄ አልወጣም" አለች። ድምፅ ሊሰጡ ድንጋዩን ሲያድሉ ብድግ አልኩ።

"ታፋውን የጠበስኩት እኔ ነኝ" አልኩ።

ሳቁ። እንዲህ ሲስቁ ካየኋቸው ብዙ ጊዜ ሆነኝ፤ ድርቅ ባይሆን ደስ ይለኝ ነበር። አንቲዶሮስ "አባ ጢሞላስ፣ ይቀመጡ። ያለዎት አራት ጥርስ ነው፣ እነሱም ተኳርፈዋል" አለኝ። "አምስት ነው። አንተ ስትመጣ አፌን ስለምዘጋ አንዷን አላየሃትም" አልኩት። "ታዲያ ለምን ጠበሱት?" አለ። "ሰባ አንድ ዓመት ለእመቤቶቹ ቅቅል በላሁ። ሳልሞት አንድ ቀን ጥብስ አማረኝ" አልኩ። አሁን ያልሳቁ ነበሩ።

ከኋላ አንዱ "ይብላና እንየው" አለ። ከአንዱ ቤት የፍየል ጥብስ አመጡ፣ የትናንት፣ እንደ ጫማ የደረቀ። ቁጭ ብዬ በላሁት። ረጅም ጊዜ ወሰደ። ድዴ ደማ። አንቲዶሮስ መሐል ላይ "ይበቃል" አለኝ፤ አልተውኩለትም። አንተን እያሰብኩ ነበር የማኝከው፤ ሰው ሲናደድ ጥርስ አያስፈልገውም። የመጨረሻውን ስውጥ የሚስቅ አልነበረም።

ከዚያ መሐላ ጠየቁኝ። "በራስዎና በዘርዎ ይማሉ" አሉ። "ዘሬን ተዉት፤ እኔ በቀረኝ ዕድሜ ልማል" አልኩ። ተማከሩ፣ ለሽምግልናዬ ብለው ፈቀዱ። እጄን መሠዊያው ላይ አድርጌ፣ ዋሽቼ እንደሆነ ታሎ ሌላ ቡቃያ አታሳየኝ ብዬ ማልኩ። ሰባ አንድ ዓመት ያገለገልኳቸውን እመቤቶች ዓይን ዓይናቸውን እያየሁ ዋሸሁ። ወይኑ ሲያቆጠቁጥ በሕይወት ካለሁ አልሰሙኝም ማለት ነው፤ ወይም ሰምተው ንቀውኛል። የትኛው እንደሚያናድደኝ ገና አልወሰንኩም።

ፈረዱ። እኔ እስክሞት ድረስ ከመንደሩ መሠዊያ ሁሉ ተከልክያለሁ። በዓል ሲሆን ከአጥር ውጪ እቆማለሁ። ሄጌሶ ነፃ ናት፤ ሰርጉም በክረምት እንደታሰበው ይሆናል። አንቲዶሮስ ልጁን በአጭሩ መንገድ ላከልን፣ የወይራ ፍሬ አስይዞ። ይቅርታ አላለም።

ከእህትህ ምስጋና የምጠብቅ መስሎህ እንደሆነ ተሳስተሃል። ከሸንጎው ስንመለስ ከፊቴ ፈጥና ሄደች። ደጃፍ ስንደርስ "አባባ፣ ማን ለመንዎ?" አለችኝ። "ማንም" አልኳት። "እኔ ችዬው ነበር። አሁን እርስዎን ከአጥር ውጪ አቁሜ ነው የምዳረው?" አለች። ከዚያ ወዲህ ገንፎዬን አቅጥና፣ ለድዴ እንዲመች አቀዝቅዛ፣ ከፊቴ አስቀምጣ ትወጣለች። እንዲህ ባለ ጥንቃቄ ያኮረፈኝ ሰው አላውቅም።

ትናንት ደብዳቤህን ሳነብላት እስከ መጨረሻው ሰማች። "ይምጣ?" አልኳት። ፊቷን አዞረች። ገንፎዬን ማማሰል ጀመረች። "አይምጣ" አለች።

እሷ ትክክል ናት፣ ሚኮን። አሁን መጥተህ እውነቱን ብትናገር እኔ በእመቤቶቹ ስም በሐሰት የማልኩ ሰው እሆናለሁ፤ እሷም ያንን እያወቀች ዝም ያለች ልጅ። አንድ ታፋ ይቅር ይሉ ይሆናል፤ ሁለት ውሸት ግን ይቅር አይሉም። አንቲዶሮስ ያንኑ ቀን ልጁን በረጅሙ ዳገት ይመልሰዋል። አንድ ወር ቀድመህ ብትደፍር እህትህን ታድናት ነበር። ዛሬ ብትደፍር ታጠፋታለህ። ድፍረትህን በጣም እፈልገው ነበር፤ አሁን የማስቀምጥበት ቦታ የለኝም።

ሰርጉን አታይም። እኔ ስሞትም ቶሎ አትምጣ፤ ለምን ሮጠ ይላሉ። እዚያው ወይን ግረዝ። አጎትህ ፊቱን ካዞረልህ ቤት አለህ ማለት ነው።

ከወር በላይ ና ብዬ የለመንኩህ እኔ ነኝ፤ አትምጣ ብዬ የምለምንህም እኔው ነኝ። በዚህ ዕድሜ ከዚህ የሚበልጥ ንዴት ይኖራል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ሌሊት ውሻ ሲጮህ እነሳና በሩን እዘጋለሁ፣ አንተ እንዳትሆን ብዬ።

ይህን ሰሌዳ ሰም አልቀባሁትም፤ በቢላዋ ነው የቀረጽኩት። ለዚያ በጨው ሊያሽግህ ለነበረው ዓሣ ነጋዴ ሰጥቼዋለሁ፣ አዲሷ ጨረቃ ሳትታይ ይደርስሃል።

ጓዝህን ፍታ።

አያትህ